ጉዳዩ፡- ስለ ወይዘሮ ውባንች ቀኝ እጅ

ሸሕዲ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017

ለርዕሰ መምህር ስንሻው
ሽንፋ

እንደምን ከረሙ? ደብዳቤዎ በተጻፈ በዘጠኝ ቀኑ ደረሰኝ። ሹፌሩ ውቤ በጥቁር ዋልካ አፈር ጭቃ ውስጥ ሁለት ቀን ተይዞ ስለቆየ ነው። የተቋረጠው ስልክ እስኪመለስ ድረስ እንግዲህ እንዲሁ በእሱ እጅ መጻጻፋችን ነው።

እናትዎ ደህና ናቸው። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይቆጣሉ። ከእህታቸው ልጅ ከድንቅነሽ ቤት እስከ ክሊኒኬ በሳምንት አምስት ቀን በባጃጅ ይመጣሉ።

አሁን የጠየቁኝን ልመልስ። መቼ ይራመዳሉ ላሉት፣ ቀን አልሰጥዎትም፤ ቀን የሚሰጥዎ ሰው ካገኙም አይመኑት። የኤሌክትሪክ መሣሪያው ለምን አልተደረገላቸውም ላሉት፣ መሣሪያው የለኝም። ቢኖረኝም መብራት የለም። መብራት ቢኖርም ለእሳቸው አሁን የሚያስፈልጋቸው እሱ አይደለም። ለምን በደንብ አይታሹም ላሉት ደግሞ፣ ስትሮኩ የመታው አንጎላቸውን እንጂ ክንዳቸውን አይደለም። ቀኝ እጃቸውንና ቀኝ እግራቸውን ማዘዝ የረሳው ጭንቅላታቸው ነው፤ እሱ እንደገና መማር አለበት። እሳቸው ተኝተው ጣሪያ እያዩ እኔ ሳሻቸው ብውል የሚማረው የእኔ እጅ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ከሆስፒታል ወጥተው እርስዎ ቤት በቆዩባቸው ሁለት ወራት ያጎርሳቸው የነበረው ማን ነው? የመጡ ዕለት ብርጭቆ ውሃ ብሰጣቸው አፋቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። ግራ እጃቸው እኮ ምንም አልሆነም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ግን የስድሳ አንድ ዓመት ሴት እንደዚያ ሆነው ሲጠብቁኝ ባየሁ ጊዜ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ውጭ ወጥቼ ቆምሁ።

የላኩልኝ ሦስት ገጽ ላይ የደም ግፊታቸው ልክ፣ የመድኃኒቶቻቸው ስም፣ የካርድ ቁጥራቸው ሳይቀር አለ። ሳይታመሙ ቀኑን ምን ሲሠሩ ይውሉ እንደነበር ግን የለም። እሳቸውን ብጠይቅ «ምን ያደርግልሻል» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። እባክዎ ይጻፉልኝ። ያለዚያ ለሁሉም ሰው የሚሰጠውን ነው የምሰጣቸው፤ ለእሱ ደግሞ የመንግሥት ሥራዬን ለቅቄ ሁለት ክፍል ባልተከራየሁ።

ህሊና ገብረማርያም
ፊዚዮቴራፒስት


ሽንፋ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017

ለወ/ሪት ህሊና ገብረማርያም
ሸሕዲ

ጉዳዩ፡- ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ ስለመስጠትና ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በቀን 08/11/2017 የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኝ ተመልክቼዋለሁ።

እናቴ ወ/ሮ ውባንች በአብርሃ ጅራ ከተማ ለሃያ ሰባት ዓመት ልብስ ሰፊ ነበረች። አባቴ ሲሞት እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። ሳሉግ ለሚባሉት የእርሻ የቀን ሠራተኞች የሥራ ሱሪ፣ ድንበር ተሻግረው ለሚመጡ ነጋዴዎች ጀላቢያ፣ በአጨዳ ወራት ደግሞ የሰሊጥ ጆንያ እየሰፋች በአንድ የእግር መኪና አስተምራኛለች። ከመኪናው ላይ ተነሥታ ምሳ ስትበላ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ አጠገቧ ሳህን ይቀመጥላታል፣ በመሐል በመሐል ትጎርሳለች።

ይህን የምገልጸው ሥራ እንደበቃት ለማስረዳት ነው። ቤቴ ውስጥ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ አንድ ክፍል አዘጋጅቼላታለሁ፤ አዲስ አልጋና የምታስታምማት ሠራተኛም አለች። በመስከረም መጥቼ ስለምወስዳት እስከዚያ መራመድ እንድትችል የበኩልዎን ጥረት እንዲያደርጉ አሳስባለሁ።

በሌላ በኩል ድንቅነሽ በጻፈችልኝ መሠረት፣ እናቴ ጫማዋን እንድታደርግ ተነግሯት ሠላሳ ደቂቃ ያህል ስትታገል እርስዎ ወንበር ስበው ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር። ይህ የሕክምናው አካል ይሁን ወይም በረዳት እጥረት የተፈጠረ ክፍተት እንዲያብራሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስንሻው ሙሉአለም

ግልባጭ፡- ለወ/ሮ ድንቅነሽ


ሸሕዲ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017

አቶ ስንሻው፣

ጤና ይስጥልኝ። ግልባጩን ድንቅነሽ ትናንት ይዛልኝ መጥታ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ስለዚህ ደብዳቤዎ ሁለት ጊዜ ደርሶኛል።

ሠላሳ ደቂቃ አይደለም፤ ሠላሳ አራት ነው። ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ወንበር ስቤ መቀመጤም እውነት ነው፤ ከቆምሁ እጄ ይሄዳል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ «አንቺ ልጅ፣ ፈጣሪን አትፈሪም?» አሉኝ። «እፈራለሁ፤ ተረከዝዎን ወደ ኋላ ይግፉት» አልኋቸው። ሃያኛው ላይ ጫማውን ወረወሩት። ወለሉ ላይ እየተንፏቀቁ ሄደው ራሳቸው አመጡት፤ እኔም አላመጣሁላቸውም። ሠላሳ አራተኛው ላይ ገባ። ምን ያደረጉ ይመስልዎታል? አወለቁትና እንደገና አደረጉት። ሁለተኛው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ክፍተቱ ይኸው ነው።

ልብስ ሰፊ መሆናቸውን ስለነገሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ሰኔ ላይ ባውቅ ኖሮ አንድ ወር አላባክንም ነበር። በሳፋ ሙሉ ሰሊጥ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ እየደበቅሁ በቀኝ ጣታቸው እንዲፈልጉ ሳዛቸው «ዶሮ መሰልሁሽ?» እያሉ ነበር የሚቆጡኝ። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ጎረቤቴ ካለው ሰፊ አንድ አሮጌ የእግር መኪና ለምኜ ተዋስሁ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ኡመይር የሚባል እግሩ የተቆረጠ ታካሚዬ የሚለማመድበትን ብረት ወደ ግድግዳ ገፋነው።

እናትዎ ገብተው መኪናውን ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሱም። ሄደው ተቀመጡ፣ ቀኝ እግራቸውን በግራ እጃቸው አንሥተው መርገጫው ላይ አስቀመጡት። አልረገጠላቸውም። ግራውን ጨመሩበት። ግራው ሲወርድ ቀኙም አብሮ ወረደ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ መኪና ሲያሽከረክሩ ቆዩ። በቃ ብላቸው «አንቺ ሂጂ ሌላ ሰው ጋር» አሉኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ የጤና ተቆጣጣሪ መጥቶ የስፌት መኪናውንና የሰሊጡን ሳፋ እያየ «የሕክምና መሣሪያው የቱ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሁሉም ነው አልሁት። ደብተሩ ላይ ረዥም ነገር ጻፈ። ከዚህ ጋር የእርስዎ ማብራሪያ ጥያቄ ሲጨመርበት ይህ ወር ደብዳቤና ደብተር ብቻ ሆኖብኛል።

ህሊና


ሽንፋ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017

ለወ/ሪት ህሊና ገብረማርያም

ጉዳዩ፡- ማስጠንቀቂያን ይመለከታል

እናቴን የላክሁት እንድትታከም እንጂ እንድትሠራ አይደለም። ከሸሕዲ የመጣ አንድ መምህር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ «እናትዎ ድነው ሥራ ጀመሩ አሉ፤ ጆንያ ሲሰፉ አየኋቸው» አለኝ። ግማሽ አካሏ የማይታዘዝ ሴት ጆንያ ትሰፋለች። ልጇ ርዕሰ መምህር ነው።

አንቺ እናት የለሽም? በሃያ ሰባት ዓመት ያለቀውን ወገቧን፣ ከዚያ መኪና ላይ ሳትነሣ ያበጠውን እግሯን አላየሽም። እኔ አይቻለሁ። ከዚያ መኪና ላይ ላነሣት ነው የተማርሁት። አንቺ ደግሞ መልሰሽ አስቀመጥሽልኝ። ተምሬያለሁ ትያለሽ፣ «ሰውን በሙሉው ነው የማክመው» የሚል ጽሑፍ በር ላይ ሰቅለሻል አሉ። ሙሉው ሰው ጆንያ መስፋት ነው?

ከዛሬ ጀምሮ መኪናው እንዲነሣ። ጉዳዩን ለጤና ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። መንገዱ እንደተከፈተ መጥቼ እወስዳታለሁ። እስከዚያው ለአንድ ጥያቄ ብቻ በአኃዝ ይመለስልኝ፦ እናቴ አሁን ስንት እርምጃ ትራመዳለች?

ስንሻው ሙሉአለም


ሸሕዲ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017

አቶ ስንሻው፣

እናት አለችኝ፤ ደባርቅ ናት። «አንቺ» ያሉኝን በንዴት እንደሆነ ቆጥሬ አልፌዋለሁ።

በመጀመሪያ ማሳወቅ ያለብኝን ላሳውቅ፤ አምስት ቀን ዘግይቻለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለፈው ማክሰኞ እናትዎ ወድቀዋል። ክሊኒኬ ውስጥ ነው፣ እኔም አጠገባቸው አልነበርሁም። ኡመይርን እየደገፍሁ ሳለ እሳቸው ውሃ ሊቀዱ ብቻቸውን ተነሡ። ዳሌያቸው በልዟል፣ አጥንታቸው ደህና ነው፤ ራጅ አስነሥቼ አረጋግጫለሁ። አትነሡ ብዬ ነበር የሚለውን ሰበብ አልጽፍልዎትም፤ መነሣታቸው የማይቀር መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ። ኡመይር «አብሽሪ፣ የወደቀ ሰው ቆሞ ነበር ማለት ነው» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። አልተጽናናሁም። ያን ቀን ክፍሉን ቆልፌ ወደ መንግሥት ሥራዬ ለመመለስ ማመልከቻ ጽፌ ነበር፤ ማግሥቱን እናትዎ ከሰዓታቸው ቀድመው መጥተው በር ላይ ስለጠበቁኝ ሳልሰጠው ቀረሁ።

ጆንያው የጎረቤቴ ሰፊ ነው። ባዶ መኪና ማሽከርከር ሰለቸኝ ብለው ራሳቸው ጠይቀው የወሰዱት ነው፤ ጆንያ ስፌቱ ቢጣመም ማንም አይቆጣም ብለው። ስለ ወገባቸው የጻፉት ግን ልክ ነው፣ አላውቅም ነበር። ወንበሩን ከፍ አድርጌዋለሁ፤ በየሃያ ደቂቃው ይነሣሉ። መኪናውን ግን አላነሣሁትም። እሳቸው ይነሣ ካሉ ዛሬውኑ አወጣዋለሁ።

ስንት እርምጃ ይራመዳሉ ላሉት፣ ይህን ከእኔ አይሰሙም። እናትዎ ልባቸው የማይስት፣ ለራሳቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ክፍሌ ውስጥ የሚያደርጉትና የሚሉት የእሳቸው ነው፤ «ንገሪ» ያሉኝን እነግራለሁ፣ «አትንገሪ» ያሉኝን አልነግርም። ይህን እርስዎን ለማናደድ አላወጣሁትም። ማንም ታካሚ ቢሆን ለልጁም፣ ለባሉም፣ ለአለቃውም እንዲህ ነው።

እኔም ንዴት አለብኝና ልናገረው። ከሰኔ ወዲህ ለእኔ ሦስት ደብዳቤ ጽፈዋል። ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አንድ። ለድንቅነሽ ግልባጭ። ለእናትዎ አንድም አልጻፉም። ማንበብ እኮ ይችላሉ። ውቤ በመጣ ቁጥር የተሳፈሩበትን ባጃጅ አስቁመው «ለእኔስ?» ይሉታል። እርምጃቸውን እሳቸውን ይጠይቁ።

ህሊና


ሽንፋ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017

ወ/ሪት ህሊና፣

ለእናቴ ለመጻፍ አምስት ጊዜ ተቀመጥሁ። «ውድ እናቴ» ካልሁ በኋላ አልሄድ አለኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ለእርስዎ ልጻፈው።

ለፋሲካ ልትጠይቀኝ መጥታ እኔ ቤት እያለች ነው የታመመችው። ይህን ያውቃሉ። ያላወቁት እኔ ቤት ውስጥ እንደነበርሁ ነው። እሷ ጓዳ ነበረች፣ እኔ ሳሎን ተቀምጬ የመምህራንን የሥራ አፈጻጸም ቅጽ እሞላ ነበር። የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ሳፋ ነው ብዬ አላነሣሁትም፤ ቀና እንኳ አላልሁም። አርባ ሁለት ቅጽ ነበር፣ ሁሉንም ጨረስሁ። ውሃ ጠምቶኝ ስገባ ነው ያገኘኋት። ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ዓይኗ ተከፍቶ ወደ በሩ ያይ ነበር።

ሐኪሙ ቶሎ ብትመጣ ይሻል ነበር አለኝ። ስንት ሰዓት እንደቆየች ሲጠይቀኝ ዋሸሁ። ከዚያ ወዲህ ማንኪያውን ከእጄ ማስቀመጥ አልቻልሁም። እርስዎ ያጎረሳት ማን ነው ብለው ጠይቀውኝ መልስ አልሰጠሁም። እኔ ነኝ። ሠራተኛ አልነበረችም፤ ጠዋትም ማታም እኔ ነኝ።

ሌላም አለ። ሆስፒታል ተኝታ ሳለ አብርሃ ጅራ ሄጄ ሱቋን ለባለቤቱ አስረከብሁ። መኪናዋን ሸጥሁት። ከእንግዲህ አትፈልገውም ብዬ ነው፤ ኪራዩ በከንቱ እንዳይቆጠርባት ብዬ ነው፤ ምን ብዬ እንደሆነ አሁን አላውቅም። እስካሁን አልነገርኋትም። እባክዎ አይንገሯት።

ስንሻው


ሸሕዲ፣ መስከረም 4 ቀን 2018

አቶ ስንሻው፣

እንኳን አደረስዎ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ስለዚያ ሰዓት የምለውን ልበል። ቶሎ መድረስ ይጠቅማል፤ አይጠቅምም ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ወድቀው ያገኟቸው ሰዎች ሁሉ፣ በአምስት ደቂቃ የደረሱትም ቢሆኑ፣ እኔ ጋር መጥተው ይህንኑ ይናገራሉ። የእርስዎ የሚለየው ለአምስት ወር ለእናትዎ ሳይናገሩ ቅጣትዎን በማንኪያ መክፈልዎ ነው። የሚጎርሱት ግን እሳቸው ነበሩ።

ስለ ሱቁ ደግሞ ተናድጃለሁ። እርስዎ በነገሩኝ ላይ ብቻ አይደለም፤ «አይንገሯት» በማለትዎም ነው። እኔ ቁርጭምጭሚት የማላላ፣ ትከሻ የማነቃንቅ ሰው ነኝ። ግራና ቀኝ ሰው ይዞልኝ የሚመጣውን «አትንገሪ» የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም። የእናትዎን አልነግርዎትም ብያለሁ፤ የእርስዎንም አልነግራቸውም። ይሁን እንጂ ሁለቱ ምሥጢሮች አንድ ክፍል ውስጥ ሊገጣጠሙ ነው፤ መሐል የምቆመው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ይምጡ። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። ከመስቀል በፊት ይምጡና ስለ ሱቁና ስለ መኪናው በራስዎ አፍ ይንገሯቸው። ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ። ካልመጡ ግን ከእርስዎ ሳይሆን ከሌላ ይሰሙታል፤ ያ ሌላ እኔ አልሆንም፣ ግን ይሰሙታል። መንገዱ ደርቋል፤ ውቤ ዛሬ በአንድ ቀን ደርሷል።

ህሊና


ሽንፋ፣ መስከረም 13 ቀን 2018

ለወ/ሪት ህሊና ገብረማርያም

ጉዳዩ፡- የጊዜ ማራዘሚያ ስለመጠየቅ

በቀን 04/01/2018 የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሆኖም የተማሪዎች ምዝገባ ባለመጠናቀቁና ሁለት የመማሪያ ክፍሎች ጣሪያቸው በነፋስ በመነሣቱ ቦታዬን ለቅቄ መምጣት አልተቻለኝም። ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት የምመጣ መሆኑን እገልጻለሁ።

እውነቱን ለመናገር ትናንት ሻንጣዬን ይዤ እስከ መናኸሪያው ሄጄ ነበር። መኪናው ሞልቶ ሄደብኝ ልልዎ ነበር፤ ግን ቦታ ነበረው።

ስንሻው


ሸሕዲ፣ መስከረም 20 ቀን 2018

አቶ ስንሻው፣

እናትዎ ሄደዋል። ትናንት ሰኞ ጠዋት በአብርሃ ጅራ መኪና ተሳፍረዋል። በሰላም መግባታቸውን ሹፌሩ ዛሬ ለውቤ ነግሮታል፤ ይህን አስቀድሜ የምጽፈው እንዳይደነግጡ ነው።

አሁን ልናገር ስለተፈቀደልኝ ልናገር። ከነሐሴ መግቢያ ጀምሮ በምርኩዝ ይራመዱ ነበር። መጀመሪያ ከክፍሉ እስከ በር፣ ቀጥሎ እስከ ፋርማሲው፣ በጳጉሜን እስከ መናኸሪያው። «ስንሻው መራመዴን ከሰማ መጥቶ ይወስደኛል፤ ሽንፋ ከገባሁ ደግሞ ከአልጋ አያስወርደኝም» ብለው ለእርስዎም ለድንቅነሽም እንዳልናገር አስማሉኝ። ድንቅነሽ ቤት ሲገቡ ምርኩዙን እኔ ጋር ትተው በባጃጅ ይሄዱ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ምን ይፈልጋሉ ብዬ ብጠይቃቸው ያልመለሱልኝን የመለሱት በነሐሴ ነው፦ «ቤቴ ገብቼ በሬን ራሴ መዝጋት።» ከዚያ ወዲህ የሠራነው ሁሉ ለዚያ ነው። የአውቶብሱን መወጣጫ ቁመት በክር ለክተው አምጥተውልኝ በዚያው ልክ ከጡብ ደረጃ አሠርቻለሁ፤ በቀን ሃያ ጊዜ ይወጡት ነበር።

ትናንት ቦርሳቸውን ይዘው ሲመጡ «ልጅዎን ሳያነጋግሩ አይሂዱ፤ ስለ ሱቁም ቢሆን» አልኋቸው። አፌ ላይ እንደመጣልኝ ነው። ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ሱቄ ምን ሆነ?»

ዝም አልሁ። ዝም ማለት እንደማልችልበት ያን ጊዜ ገባኝ። ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«መኪናዬንም?» አሉኝ። ለዚህም ዝም አልሁ።

ከዚያ ተነሡ። ስድስት ቆጥሬያለሁ፤ ያለ እጅ ድጋፍ በስድስት ሰከንድ ነው የተነሡት። «ከተማውን አልሸጠውም» አሉ።

መናኸሪያ ድረስ ሄድን፤ ኡመይር በክራንቹ እየተከተለ ሸኛቸው። ረዳቱ ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ ገፉት። ወጡ።

የእርስዎን ምሥጢር በአፌ አላወጣሁም፤ ግን ጠብቄዋለሁ ማለትም አልችልም። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለሌላው አልጠይቅም። ክሱን በተመለከተ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ለዓርብ ጠርቶኛል፤ የምለውን አውቃለሁ፣ ለእሱ አይጨነቁ። አሁን የሚያስጨንቀኝ አብርሃ ጅራ ላይ እሳቸው የሚያንኳኩት በር ነው። እርስዎም ይሂዱ እንጂ።

ህሊና


አብርሃ ጅራ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018

ህሊና፣

ደህና ነሽ ወይ? አንቺ ማለቴን እንዳለፈው አትቁጠሪው። እናቴ «እህትህን አንቱ ትላለህ?» ብላ ከለከለችኝ።

ያቀረብሁትን ክስ በሌላ ደብዳቤ አንስቻለሁ። ዓርብ ደህና እንደዋልሽ ውቤ ስለነገረኝ ደስ ብሎኛል፤ ጽሕፈት ቤቱ ክሱንና ማንሻውን አንድ ላይ አስሮ አስቀምጧቸዋል አሉ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግሥት ነው የተነሣሁት። ሱቋ ውስጥ አንድ የሞባይል ጠጋኝ ገብቷል። እናቴ መጥታ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ እንደነበር እሱ ነገረኝ። ወንበር ቢሰጣት አልወሰደችም፤ ጥቂት ቆይታ፣ የግድግዳውን ቀለም መቀየሩን ጠይቃ፣ ሄደች። ያገኘኋት ታንጉ ቤት ነው፤ ስፌት ያስተማረቻት ልጅ ናት፣ አሁን የራሷ ሱቅ አላት። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የተበላሸ ስፌት ትፈታ ነበር። ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል «ተነሥ፤ ብርሃን ከለከልኸኝ» አለችኝ።

ሦስት ቀን ስለ መኪናው አልተናገረችም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ውሃ ቅዳ ትለኛለች፤ ሌላ የለም። እኔም ደፍሬ አልጀመርሁትም። በአራተኛው ቀን ስለዚያ ሰዓት ነገርኋት። ስለ ሳፋው፣ ስለ ቅጾቹ፣ ሐኪሙን ስለመዋሸቴ። ስፌቷን አላቆመችም።

«ወረቀት ስትገልጥ እሰማህ ነበር» አለችኝ። «ጠራሁህ። አፌ እምቢ አለኝ እንጂ ጠርቼሃለሁ።»

ከፊቷ የወደቀውን ብጣሽ ጨርቅ አንሥቼ ሰጠኋት።

«እንዳልሰማኸኝ አውቄያለሁ። ሰምተህ የምትቀር ልጅ አይደለህም። ይህን ብለህ ነው እንዴ እንዲያ ስታጎርሰኝ የከረምኸው?»

አዎ አልኋት። መቀሱን አነሣች፣ ክሩን ቆረጠች። «እንግዲያው እሱን ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «መኪናዬን ግን አልልህም።»

እስከ ዛሬ አላለችም። የገዛውን ሰው ፈልጌ ሄድሁ፤ ሳንጃ ከተማ ወስዶ ለሌላ ሰጥቶታል። አዲስ ልግዛልሽ ብላት አትሰማኝም፤ «አንተ የገዛኸውን አንተ ትሸጠዋለህ» ነው የምትለው። ታንጉ ጓዳ የተጣለ አሮጌ መኪና ነበር፤ እሱን እንዳጸዳው ፈቀደችልኝ። አራት ቀን ዝገት ስፍቅ፣ ዘይት ሳጠጣ ሰነበትሁ። የትምህርት ቤቱ ምክትል በየቀኑ መልእክት ይልክብኛል። የታንጉ የጠፍር አልጋ ወገቤን ጨርሶታል። እናቴ ታዝንልኝ እንደሆነ ብዬ ብነግራት በየሃያ ደቂቃው ተነሥ አለችኝ።

የምጠይቅሽ አለ። ወደ ማታ ስትደክም የቀኝ እግሯ ጣት መሬት ይጎትታል። የጻፍሽላትን እንቅስቃሴ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች፣ ትሠራዋለች፤ ይጨመር ወይስ ይቀነስ? እኔ ማድረግ ያለብኝ ካለ ጻፊልኝ። ማድረግ የሌለብኝንም ጻፊልኝ፤ እሱ ነው የሚከብደኝ።

ዛሬ መኪናው የሚሞከርበት ቀን ነው። አሁን እፊቴ ተቀምጣ መርፌው ውስጥ ክር እያስገባች ነው። ከጀመረች ቆየች። በግራ እጇ ብታደርገው አንድ ጊዜ ነው፣ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፤ በቀኟ ካልሆነ ብላለች። ክሩ ይደርሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያልፈዋል። ጫፉን ትልሰዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ሁለት ጊዜ ተራግማለች፤ አንዱ ለእኔ ሳይሆን አይቀርም። ታንጉ ልትረዳት ተነሥታ ነበር፣ በዓይኔ አስቀመጥኋት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም እጄ ሥራ እንዲይዝልኝ ብዬ ነው።

ዛሬ ጭነት ይዞ እዚህ ድረስ የመጣው ውቤ ሞተሩን አስነሥቶ ጥሩንባ እየነፋብኝ ነው። ልዝጋው። ክሩ ገና አልገባም።

ስንሻው